ከፒያሳ እስከ ስሜን ተራሮች በራስ መኪና፣ ልጆችና እናት ይዞ፦ መንገዱ፣ መኪናው፣ ብርዱ

የፒያሳው አባወራ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ሲደርስ ቤተሰቡን ይዤ እስከ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመንዳት አስቤያለሁ። አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ5 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም የ67 ዓመት እናቴ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ ትወስዳለች። መኪናው እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ራቭ ፎር ነው፤ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ያለን ጊዜ መሄጃና መመለሻውን ጨምሮ ዘጠኝ ቀን ነው።

መንገዱን የምታውቁ ሰዎች፣ የት የት ብናድር ይሻላል? የአባይ በረሃ ቁልቁለት በአውቶማቲክ እንዴት ይወረዳል? መኪናው ላይ ከመውጣታችን በፊት ምን ይነካ? ትንሹ ልጅና እናቴ ከፍታውንና ብርዱን ይችሉታል? ወንድሜ የኤሌክትሪክ መኪናውን ውሰድ እያለኝም ነው፤ ያዋጣል?

የጎጃም በር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ጸጥታው። የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለችው ጎሃ ጽዮን ማዶ ያለው መንገድ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣልና የመነሻ ቀንህን አስቀድመህ አትቁረጥ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና ደባርቅ የምታድርባቸው ሆቴሎች ጋ ራስህ ደውል። የረጅም ርቀት አውቶቡሶች በዚያ ሳምንት ሳይቋረጡ እየሠሩ እንደሆነም አጣራ። አውቶቡስ የቆመበትን መንገድ ልጆች ይዞ መሞከር የለም። ከእያንዳንዱ ከተማ ስትወጣ ማደያው ላይ ያሉትን የጭነት ሹፌሮች ስለ ፊቱ መንገድ ጠይቃቸው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ መኪናህ ሆቴል ግቢ ውስጥ ይሁን። መንገዱ ካላስተማመነ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚያ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቶ ደባርቅ መግባት ይቻላል። ጉዞው በዚያ አይጎድልም፤ ልጆቹ ሊያዩት የሚመጡት ተራራውን ነው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ አከፋፈሉ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ደብረ ማርቆስ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለተኛው ባሕር ዳር፣ 265 ገደማ። ከዚያ ጎንደር 180፣ ከጎንደር ደባርቅ 100። በአንድ ቀን ባሕር ዳር የሚገቡ ሹፌሮች አሉ፤ እነሱ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ሽንቱን ሲመጣበት አያቆሙም። በካርታ ላይ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል አጭር መንገድ ታያለህ። ኪሎ ሜትሩ በእርግጥ ያንሳል፤ ቤተሰብ ለያዘ ግን በማርቆስ በኩል ያለው ይሻላል፣ ምክንያቱም ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና እንጅባራ እየተከታተሉ ስለሚመጡ ጎሚስታም ምግብም ሩቅ አይሆንብህም። እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ያለ ነው፤ ለምሳ እዚያ ቁም።

አሁን ወደ በረሃው። ጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ትወርዳለህ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነ መኪና 1.9 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 80 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያንን ሞተሩ ካልያዘልህ በሙሉ የፍሬን ሸራውና ዲስኩ ላይ ያርፋል። ፍሬን የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲስ ሸራ ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ ማርሽ የምትቀንሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ጎሃ ጽዮን መውጫ ላይ ነው። ከዲ ወደ 2 አምጣው፤ በጣም ቀጥ ባለው ቦታ ፍጥነቱ ካልያዘልህ ወደ ኤል። ሞተሩ ድምፁ ከፍ ይላል፤ 3,000 ዙር ላይ ቢጮህ አትደንግጥ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። እግርህን ፍሬን ላይ አስደግፈህ አትውረድ፤ ፍጥነቱ ሲያይል ጠንከር አድርገህ ለሦስት ሰከንድ ያዝና ሙሉ በሙሉ ልቀቀው፣ ሸራው በመሃሉ ይተንፍስ። ኤን ላይ አድርጎ መንሸራተት ፈጽሞ አይታሰብ።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለህ፣ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል ያለ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ፒ ላይ አድርግ፣ ከጎማው ፊት ድንጋይ ጣል፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቅ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስስ፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የበረሃው መሬት ራሱ ይንሸራተታልና አስፋልቱ በየቦታው ተጨማዷል፤ መሪው በድንገት ይነጠቃል፣ በሁለት እጅ ያዝ። ተሳቢዎች ኩርባ ላይ የአንተን መስመር ጭምር ይዘው ስለሚመጡ ከኩርባ በፊት ክላክስ አድርግ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውና ጃፓን የሠራችው ድልድይ ላይ ጥበቃ አለ፤ አትቁም፣ ፎቶ አታንሳ። ዝንጀሮዎቹን ልጆቹ በመስኮት እንዳይመግቧቸው፤ እንስሳቱ መሃል አስፋልት መቀመጥ የለመዱት በዚህ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከፒያሳ በ12 ሰዓት ተነስተህ በአዲሱ ገበያ፣ በሱሉልታ ብትወጣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጎሃ ጽዮን ነህ። በዚያ ሰዓት በረሃው ገና አልጋለም፤ የደጀንን ዳገት ስትወጣ ራዲያተርህ ያመሰግንሃል። ደብረ ሊባኖስን ለመመለሻ አቆየው፤ በስተመጨረሻው ቀን ጊዜ ይተርፍሃል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳም ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እረፍቱ ከጥምቀት ጋር ከገጠመ ጎንደር ላይ አልጋ ከሳምንታት በፊት ያልቃል። በዓሉን ለማየት ካልሆነ ከጥር 8 እስከ 13 ባለው ጊዜ እዚያ ለማደር አታቅድ።

ሸራና ማኒኮቶ

መኪናውን ከመነሻህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ አሠራው። በዋዜማው የተሠራ መኪና ጉድለቱን የሚያሳየው መንገድ ላይ ነው። ከጋራዥ ስትወጣ እንጦጦን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተህ ውረድበት፤ ማፍሰስ ካለ፣ ማንቀጥቀጥ ካለ እዚያው ይታያል።

ፍሬን፦ የፊት ሸራው ውፍረት ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለዚህ መንገድ ቀይረው። ሰው የሚረሳው ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ውሃ የጠጣው እስከ 155 ይወርዳል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባና መኪናው አይቆምም። ሁለት ዓመት ካለፈው ከአራቱም ጎማ በኩል ሙሉ በሙሉ ይፍሰስና ይቀየር። ከላይ መጨመር ብቻ ጥቅም የለውም።

ሞተር፦ የዚያ ዘመን 2.4 ሊትር የቶዮታ ሞተር በፒስተን ቀለበቱ የተነሳ ዘይት በመብላት ይታወቃል። በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በደልዳላ ቦታ በዲፕስቲኩ እየው፤ ሁለት ሊትር ተመሳሳይ ዘይት ይዘህ ውጣ። ታይሚንጉ ሰንሰለት ስለሆነ የሚያሰጋህ የውጩ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ቀይርና አሮጌውን ለመጠባበቂያ አስቀምጠው።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ አፍስሰው፣ ግማሽ በግማሽ ኩላንትና የተጣራ ውሃ አድርግ። ሁለት ምክንያት አለው። በ3,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካልቻለ ዳገት ላይ ወዲያው ይገነፍላል፤ ስለዚህ ክዳኑም ይፈተሽ፣ ርካሽ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ ፓርኩ ውስጥ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማኒኮቶዎቹን (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦዎች) በእጅህ ጨምቃቸው፤ እንደ ቂጣ የደረቀ ወይም ጫፉ ያበጠ ካለ ይቀየር።

ጎማ ላይ አራት አኃዝ ታያለህ፤ 3519 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ለረጅም መንገድ አልመክርም። ስኮርታውን (መጠባበቂያ ጎማውን) አውርደህ ንፋሱን ለካ፣ ክሪኩና የብሎን መፍቻው መሥራታቸውን ቤትህ ደጃፍ ላይ አንድ ጎማ ፈትተህ አረጋግጥ። ብዙ መኪና ላይ ብሎኑ በማሽን ስለሚጠብቅ በእጅ መፍቻ አይነቃነቅም፤ ያንን ቡሬ ዳር ላይ ማወቅ አይጠቅምም።

ከደጀን በኋላ መኪናው ሰነፈ ብለህ አትጨነቅ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደባርቅ ላይ ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉ የለም። ለመቅደም የሚያስፈልግህን ርቀት በዚያው ልክ አስፋ።

ነዳጅ፦ ግማሽ ሲሆን ቅዳ፤ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ላይ ሳትሞላ አትለፍ። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ሂሳብህን አስቀድመህ ሙላ፤ በባለቤትህ ስልክም ይኑር፣ አንዱ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ወይም ኔትዎርክ ሲጠፋ ሰልፍ ላይ እንዳትቀር። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና የሁላችሁም መታወቂያ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ፣ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ኬላ ብዙ ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር፦ የበረሃው ዳገት ብቻውን ለ1.8 ቶን መኪና 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ያ ብቻውን አይጎዳም፣ ሲወርድም የተወሰነውን ይመልሳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በየማደሪያው የሚሠራ ቻርጀርና የማይቆራረጥ መብራት መኖሩን በስልክ ካላረጋገጥክ በሆቴል ሶኬት ተማምነህ 800 ኪሎ ሜትር አትውጣ። ተራ ሶኬት በሌሊቱ ሙሉ ቢሠራ እንኳ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥህ ነው። ለወንድምህ አመስግነህ መልስለት።

የፒያሳው አባወራ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋራዥ የምገባበትን ቀን ያዝኩ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ድንኳን ይዘን ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ማደር እንችላለን ወይስ ደባርቅ ሆቴል ይሻላል? ቀን ለማትረፍስ ከባሕር ዳር በቀጥታ ደባርቅ ብንገባ?

ጅብራ

ቀጥታ አይግቡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ደባርቅ 2,850 ገደማ። ጎንደር መሃል ላይ ስለሆነች እዚያ አንድ ሌሊት ማደር ለእናትዎም ለትንሹም ልጅ ደግ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በ2,400 ሜትር ስለሚኖር ከቆላ ከመጣ ሰው ይሻላል፤ ሳንቃበር ግን 3,250 ነው፣ ፓርኩ ውስጥ ራቅ ብሎ ያለው ጨነቅ 3,620። ከ3,000 በላይ ሲሆን የመኝታ ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም ይባላል። ስለዚህ መልሴ ይኸው ነው፦ ደባርቅ ይደሩ፣ ቀን ቀን ወደ ፓርኩ ወጥተው ማታ ይመለሱ። ድንኳኑን ልጆቹ ሲያድጉ ያመጡታል። ጥር ላይ ሳንቃበር ሌሊቱ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ጨነቅ ከዚያም ይወርዳል።

ትልቁ ልጅ ካመመው ራሴን አመመኝ ይላል። ትንሹ አይናገርም፤ ምግብ እንቢ ማለት፣ ያለምክንያት መነጫነጭ፣ ማስመለስ፣ ጨዋታ መተው ናቸው ምልክቶቹ። ይህን ካዩ ነገ ይሻለዋል ብለው አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ይውረዱ። መውረድ ነው መድኃኒቱ። ሚዛኗን የምትስት ወይም ተኝታ ትንፋሽ የሚያጥራት እናትም እንዲሁ። እናትዎ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ መድኃኒታቸውን ለአምስት ቀን ተጨማሪ ይያዙ፣ ደግሞም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ። ባሕር ዳር ላይ ወባ አለ፤ አጎበር የሌለው አልጋ አይቀበሉ።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ወንበር። ፓርኩ መግቢያውን የሚከፍሉት ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ነው፣ መሣሪያ የያዘ ስካውትም (ጠባቂ) ከዚያ ይመደብልዎታል፤ ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ራቭ ፎሩ አምስት ወንበር ነው፣ እናንተም አምስት ናችሁ። ስካውቱ የት ይቀመጣል? ልጅ ጭን ላይ አድርጎ በኮረኮንች ገደል ዳር መንዳት መፍትሔ አይደለም። መኪናዎን ሆቴል ያቁሙና ለሁለቱ ቀን ባለ ስምንት ወይም አሥር ወንበር ላንድክሩዘር ወይም ሚኒባስ ከነሹፌሩ ደባርቅ ላይ ይከራዩ፤ አስጎብኚም ቦታ ያገኛል። ከደባርቅ እስከ ጨነቅ 60 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፣ ግን ጠጠር መንገድ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ራቭ ፎሩም ከዚያ ጠጠር ይድናል።

በመጀመሪያው ቀን እስከ ሳንቃበር ብቻ ይሂዱ። ቡዪት ራስ አካባቢ የጭላዳ መንጋ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሲግጥ ይገኛል። ልጆቹ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ሰው ካልተነሳ ካልተሯሯጠ መንጋው እየጋጠ ራሱ ይጠጋል፣ ሣሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲነቅል እጁን ማየት ይቻላል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ ራቅ በሉ ማለቱ ነው። ምግብ አይስጡ፣ የሙዝ ልጣጭም ቢሆን። በሁለተኛው ቀን ጨነቅ፤ ዋልያ የሚታይባት ዋናዋ ቦታ እሷ ናት፣ ጠዋት በማለዳ ገደሉ አፋፍ ላይ። እናትዎ ከመኪና ሳይርቁ ያዩታል። የጅንባር ፏፏቴ በጥር ቀጭን ነው፤ ለእሱ ብለው ልጅ አያድክሙ።

ልብስ በድርብርብ፦ ጋቢ ለሁሉም፣ ለልጆች ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። ቀን ላይ ፀሐዩ ከአዲስ አበባው የበለጠ ይፋጃል፤ የፀሐይ ክሬምና የከንፈር ቅባት ካልያዙ የልጆቹ ጉንጭ በአንድ ቀን ይላጣል። ረቡዕና ዓርብ በትንንሽ ከተሞች የሚገኘው የጾም ምግብ ነው፤ ልጆቹ ሽሮ ካልበሉ የተቀቀለ እንቁላልና በሶ ከቤት ይያዙ።

የመንዝ ሰው

መንገዱ በጎጃም ካልሆነ፣ ወይም ቀኑ ካጠረ፣ የመንዝ ጓሳን አስቡት። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጣርማ በር፤ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ወደ መሐል ሜዳ በሚታጠፈው መንገድ መግባት ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ራሱ ሲጠብቀው የኖረ የጓሳ ሣር መሬት ነው። ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ። ዋልያ የለም፤ ዋልያ ለማየት የተዘጋጀ ልጅ ካለ አስቀድሞ ይነገረው።

አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ይወጣና እዚያው ያድራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ሲያመው ይነጋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ፣ እሷም 2,800 ሜትር ላይ ናት። ከጣርማ በር በኋላ ጭጋግ ሲወርድ ፊት ያለው መኪና አይታይም፤ የጭጋግ መብራት ይሠራ፣ ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ መልሶ ዓይናችሁን ነው የሚመታው። ቤንዚን ከደብረ ብርሃን ሙሉ። የጸጥታው ማጣራት ለዚህም መንገድ ያው ነው።

የጎጃም በር

ጅብራ ያለው ትክክል ነው፣ ጎንደር እደር። ዘጠኙ ቀን እንዲህ ይገጥማል፦ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ሁለት ቀን ፓርክ፣ በሰባተኛው ከደባርቅ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ማርቆስ፣ በዘጠነኛው ቤት። መጠባበቂያ ቀን ስለሌለው አንድ ጎማ ቢያደክምህ ወይም ልጅ ቢታመም የሚቀነሰው የጨነቁ ቀን ይሁን፤ የመመለሻውን ሁለት ቀን አንድ ለማድረግ አትሞክር፣ በረሃውን በጨለማ ያስገባሃል። ሰባተኛው ቀን 280 ኪሎ ሜትር ነውና ከደባርቅ ቁርስ ሳይበሉ በ12 ሰዓት ውጡ፣ ቁርሱ ኮሶዬ ላይ ይሁን፣ እይታውም ጥሩ ነው። ከማርቆስ ስትመለስም ከደጀን ወደ ታች ያው ቁልቁለት ነው፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ ብለህ ዲ ላይ አትውረድ፣ ማርሹን ደጀን መውጫ ላይ ቀንስ።